ቁልቋል በር በሰማኒያ ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁ፤ ያየው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። 12,000 ብር። ግማሹን በቴሌብር ቀድሜ ላክሁ፣ ግማሹን ዕቃው ቤቴ ሲገባ ከፈልኩ። «በስድስት ሳምንት ይደርሳል» ተብዬ ሦስት ወር ተኩል ጠበቅሁ። የመጣልኝ 80 በ60 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ የተቀመጠ ጦርነት ነው። ምሽግ አለው፣ እሾሃማ ሽቦ አለው፣ ገደል አለው፣ ቁልቋል አለው፣ የአውራ ጣቴን ግማሽ የማያክሉ 41 ሰዎች አሉት። ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «በዚህ ብር ቴሌቪዥኑን ማሠራት ይቻል ነበር» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እውነቷን ነው። ቴሌቪዥኑ አሁንም እንደተበላሸ ነው።

ነገርየው ዲዮራማ ይባላል። ማኬት እንዳትሉት፣ ሠሪው ይቀየማል። ማኬት ሕንፃው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነው። ዲዮራማ ግን አንዲት ቅጽበት ናት፤ ሰውየው እየሮጠ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ፣ አቧራው ሳይወርድ።

ሠሪው ወጣት ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ሕንፃዎች ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። ወቀሳም ስለምጽፍበት ስሙን አላወጣም። ድሮ ብራና ላይ መላእክት እየሳለ ለቱሪስት ይሸጥ ነበር። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ቱሪስቱን ሲያጠፋበት እጁን ወደዚህ አዞረ። ይቺን የመላእክት ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ገና ስገባ ዓድዋ ላዝዝ መስሎት ነበር። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓድዋ አለ፣ ሁለቱም ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሽቦ ተንጠልጥሏል። እኔ የፈለግሁት ቁልቋል በርን ነው። ጎንደሬ ሆኖ ቁልቋል በርን የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! ከከተማው ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ የተራራ ማለፊያ በር ነው። በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ወራት አልፈዋል፣ ጃንሆይም ገብተዋል፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ግን ጎንደር ላይ መሽጎ አልወጣም ብሏል። የደቡቡ መዝጊያው ቁልቋል በር ነበር። ኅዳር 4 ተሞከረ፣ አልሆነም። ኅዳር 12 ተሰበረ። በስድስተኛው ቀን፣ ኅዳር 18፣ ናሲ እጁን ሰጠ።

ኅዳር 12 የምን ቀን ነው? ኅዳር ሚካኤል! ኅዳር ሲታጠን። አያቴ ከአርበኞቹ ጋር ነበር፣ እኛ ቤት ደግሞ ቆሻሻ ሰብስበን ባቃጠልን ቁጥር የሚነሳ ወሬ አለ፤ «የዚያን ዕለት ጭሱ የሚካኤል ይሁን የመድፍ አልለየንም» ይል ነበር አሉ። እኔ አልደረስኩበትም። የአያቴ ልጅ፣ አጎቴ ግን ደርሶበታል፤ አጎቴም ወደ በኋላ ይመጣል።

ሌላው የሚገርመው ጣሊያኖቹ ናቸው። ካራቢኒየሪ የሚባሉት ወታደራዊ ፖሊሶቻቸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚሁ ቀን ያስቡታል፣ ባንዲራቸውም ለዚያ ውጊያ የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል። የተሸነፈው ያስታውሳል፣ እኛ ሚኒባስ ውስጥ እያንቀላፋን እናልፈዋለን።

ወደ ሠሪው ልጅ ልመለስ። ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ላይ ይሁን?» በዚች ጥያቄ ነው ያሸነፈኝ። ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ፣ ማን ሞቶ ማን እንዳልሞተ፣ ጭሱ የት እንደደረሰ የሚወሰነው በሰዓቱ ነው። ጠዋት አልኩት።

ጊዜውን ማሳለፉ አናዶኛል፣ አልዋሽም። ስልክ ስደውል «መብራት የለም»፣ ስደግም «ቀለም አልገባም»፣ ስሠልስ ስልኩ ዝግ። ደንበኛ ላይ እንዲህ አይደረግም፤ ቢያንስ ቀድሞ መደወል ማንን ገደለ? ግን በዚህ ሥራ የዘገየ የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም። ሳይቦርን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦር ሜዳ በትንሹ ሊሠራ በ1830 እ.ኤ.አ. ሄዶ መሬቱን ስምንት ወር ሲለካ ከረመ፤ ሥራው ለሕዝብ የታየው በ1838 ነው። ከ70,000 በላይ የቆርቆሮና የእርሳስ ወታደር ደርድሯል። ወጪው አክስሮታል። እሱንም ያዘዙት አለቆቹ ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ እየደወሉ ያስጨንቁት ነበር።

እኛም ልክ እንደ ሳይቦርን ቦታውን ልናይ ሄድን፣ ስምንት ወር ሳይሆን ግማሽ ቀን። ግንቦት ነበር። በአዲስ ዘመን መስመር ሚኒባስ ይዘን ወረድን፣ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ገደሉን ከዚህም ከዚያም አነሳ፣ ከዚያ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጦ አፈር ዛቀበት። እረኞቹ ሲስቁብን አይጣል ነው። «ለምን ነው?» ሲሉት «ለቤት ዕቃ» አላቸው።

አሁን ስለ መሬቱ ላውራ፣ ምክንያቱም ገንዘቤን ያወጣሁት ለመሬቱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ልጁ የሚሠራው በ1/72 ነው። ያ ማለት 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው 2.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጣውላዬ በእውኑ ዓለም ሲዘረጋ 58 ሜትር በ43 ሜትር ነው። የኳስ ሜዳ ግማሽ እንኳ አይሞላም! አንድ ኪሎ ሜትር ላሳይ ብትሉ 14 ሜትር የሚጠጋ ጠረጴዛ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ «ውጊያውን ሥራልኝ» የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ምሽግ፣ አንድ ጥግ ነው የሚሠራው። እኔ ግን በሩም ይታየኝ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፊት ለፊት ያለውን በልኩ ሠራና ወደ ኋላ እያሳነሰው ሄደ። የኋላው ዛፍ የፊቱን ሩብ አያክልም፣ መንገዱ እየጠበበ ይሄድና ገደሉ ውስጥ ይጠፋል። ከፊት ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት ሆዳችሁ ባዶ ይላል፣ ያን ያህል ጥልቅ ነው። ከጎን ካያችሁት ግን ጉዱ ይወጣል፤ ዛፉ ሁሉ ድንክ ነው። ጥግ ላይ አስቀምጡት፣ እንግዳም ከጎን እንዳያየው ወንበሩን አስተካክሉ።

አሠራሩን ቁጭ ብዬ ስላየሁ ትንሽ ልንገራችሁ። ተራራው ከውስጥ ፎም ነው፣ የፍሪጅ ማሸጊያ የሚሆነው ነጩ። በቢላ ይቀረጻል፣ ላዩ ላይ ጄሶ ይለበጣል። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ የዱቄት ወንፊት፣ የእናቱ ነው፣ እናቱ አታውቅም። ከዚያ ኮላ በውሃ አቅጥኖ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምርበታል። ሳሙናው ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ያለ ሳሙና እንዴት እንደሚሆን አሳየኝ። ኮላው አፈሩ ላይ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ቀረ። ሳሙና ሲገባበት ጠጣው።

የገረመኝ ቀለሙ ነው። አፈሩ የራሱ የቁልቋል በር አፈር ነው፣ ምን ቀለም ያስፈልገዋል አልኩ። ሲጣበቅ ግን ጠቆረ፣ ቡና የፈሰሰበት መሰለ። ትንሽ ነገር ትልቅ እንዲመስል ከእውነተኛው ፈካ ማለት አለበት፤ ሩቅ ያለ ተራራ ፈዞ እንደሚታየን ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቁር ቡኒ ቀለም እንደ ሻይ አቅጥኖ ለቀቀበት፣ ስንጥቁ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ሲደርቅ ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም አስነክቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ ጠርጎ ምንም የቀረበት እስከማይመስል አድርቆ፣ የድንጋዩን ጫፍ ጫፍ ብቻ ዳበሰው። ድንጋዩ ዓይኔ እያየ ድንጋይ ሆነ። እዚህ ላይ ስድስት ሺህዋን ይቅር አልኩት።

ቁልቋሎቹስ! ቦታው ስሙን ያገኘው ከነሱ ነው፣ እነሱ ካልተሳኩ ምኑን ቁልቋል በር ሆነ። ቁልቋል ደግሞ ክንዱ ክብ አይደለም፣ ሸንተረር አለው። ልጁ የድሮ የስልክ ገመድ ልጦ አራት አራቱን ቀጭን ሽቦ አንድ ላይ ጠመዘዘ። ሲጠመዘዝ ራሱ ሸንተረር አወጣ። እንደ መቅረዝ ወደ ላይ አጠፈው፣ አረንጓዴ ቀባው፣ ጫፉን ትንሽ ቢጫ አስነካው። 23 ቁልቋል አለ፣ አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። ሳሩ የተቆራረጠ ቃጫ ነው። እሾሃማው ሽቦ ከተቃጠለ ቻርጀር የወጣ ነው።

መሬቱ ከአሥር አሥር። ሰዎቹ ላይ ስንደርስ ግን እንጣላለን።

አንደኛ፣ 41 ሰው አለ ብያለሁ አይደል? እውነቱ ስድስት ነው። አምስት ሰው በሽቦና በኢፖክሲ ቀርጾ፣ በሲሊከን ቅርጽ አውጥቶ፣ እያንዳንዱን ስምንት ስምንት ጊዜ አባዛው። ስድስተኛው አዛዡ ነው። መንታ መንታ የሆነ ጦር ነው የገዛሁት። መጀመሪያ በሸክላ ሞክሮ ነበር፣ ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ ሴቶች እንደሚሠሯቸው ትናንሽ ምስሎች፤ ግን በዚህ መጠን የጠመንጃው አፈሙዝ ሲነኩት ስብር ይላል። ያን አልፈርድበትም። ሲደረድራቸው ግን የአንዱን ክንድ ቢያጥፍ፣ የአንዱን አንገት ቢያዞር ምን ነበር? የሽቦ ሥራ ነው፣ አምስት ደቂቃ።

ሁለተኛ፣ ዓይን። መላእክቱን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ልጁ የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ መላእክት የተሣሉበትን ጣሪያ እያየ ነው ያደገው፤ ፊት ሲሠራ እጁ ራሱ ትልልቅ ዓይን ይሥላል። በሁለት ሴንቲ ሜትር ሰው ላይ! ሁሉም የደነገጡ ይመስላሉ። አንዱ አርበኛ ቦምብ ሊወረውር ሳይሆን ቤቱ በር ላይ ገንዘብ ጠያቂ ያየ ነው የሚመስለው። በዚህ መጠን ዓይን አይሣልም፤ ቅንድብ ሥር ጥላ ጣል ማድረግ ይበቃል፣ የሚያየው ሰው አእምሮው ይሞላዋል። ይባስ ብሎ ጣሊያኖቹን በሙሉ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙሮ ተከላቸው። «ለምን?» ስለው «ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው» አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልክ ነው፣ ሳቄም መጥቷል። ግን ተኳሽ ወታደር ወደሚተኩስበት ካላየ ምን ይተኩሳል?

ሦስተኛ፣ ማን ከማን ጋር ነው የሚለው። መጀመሪያ ሲያሳየኝ ምሽግ ውስጥ ያሉት በሙሉ ፈረንጅ፣ ከውጭ ያሉት በሙሉ ሐበሻ ነበሩ። እንዲያ ቢሆን ቀላል ነበር። ምሽጉ ውስጥ ከካራቢኒየሪውና ከጥቁር ሸሚዙ የፋሺስት ጦር ጋር ለጣሊያን የሚዋጉ አስካሪዎች ነበሩ፣ የኛው ሰዎች። ከውጭ ደግሞ ከአርበኞቹ ጋር እንግሊዝ ያመጣቸው የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ። ይህን ስነግረው ቅር አለው፤ «ጋሼ፣ ታዲያ የኛዎቹ በምን ይለያሉ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እነሱም ሳይቸገሩበት አልቀሩም። በመጨረሻ ለአስካሪዎቹ ታርቡሽ ቆብ፣ ለአርበኞቹ ጎፈሬና አቧራ የጠገበ ጋቢ አለበሳቸው። አቧራውን ለምኜ ነው ያስጨመርኩት፤ መጀመሪያ የጥምቀት ጋቢ ነበር ያለበሳቸው፣ ወራት ዱር የከረመ ሰው! ጠመንጃውን ግን ተውኩት። ውጅግራውም ምንሽሩም አንድ ዓይነት ነው፣ በዚህ መጠን ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ብዙ ብከራከር እኔው ነኝ የማፍረው።

አንድ ፈረንጅ የሰጠው የጀርመን ታይገር ታንክ ሞዴል ነበረው፣ ታሚያ የሚባለው የጃፓን ሞዴል ሠሪ ያወጣው። እሷን ካላስገባሁ አለ። እሷ 1/35 ናት፣ ሰዎቹ ጎማዋ ሥር ነው የሚቀሩት። (ይህ 1/35 የሚባል ልክ ከየት መጣ መሰላችሁ? ታሚያ የመጀመሪያዋን ታንክ ሲሠራ ሞተርና ባትሪ ውስጧ እንዲገባ ብሎ ያሰፋው ነው። ዓለም ሁሉ ተከተለው።) ደግሞስ ታይገር ወደ ውጊያ የገባው ጎንደር ነጻ ከወጣች ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው፣ ያውም ሩሲያ። በስንት ጭቅጭቅ አስቀረሁት።

አውሮፕላንም ሠርቶ ነበር፣ ሁለት ሲአር 42 የሚባሉ የጣሊያን ተዋጊዎች፣ ከኮካ ቆርቆሮ ተቆርጠው። እነሱን ወደድኳቸው። ክንፋቸው ድርብ ነው፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ይንጠለጠላሉ። ግን ሁለት አይሆንም አልኩት። ማላቮልቲ የሚባለው የጣሊያን አብራሪ ጥቅምት 14 ተመትቶ ወድቋል፣ የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ራሳቸው ጀግና ነበር ብለው የሐዘን መልእክት ከአየር ጥለውለታል። ከዚያ በኋላ አንዲት ነበረች የቀረችው። «ሁለት ሲሆን ግን ያምራል» አለ። ተከራክረን አንዷን ፈታሁ። ያቺ አሁን የልጄ መጫወቻ ናት።

የመስታወቱ ነገር ደግሞ። ሳጥኑን ያሠራው ሌላ ቤት ነው፣ እሱንም ስም አልጠራም፤ አንዱ ጎን ተጭሮ መጣ፣ ክዳኑም እንደ ጀሪካን ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ነው። ዕቃውን የተረከብኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ለመስቀል እንግዳ መጥቶ ላሳይ ብል ምሽጉ ሻግቷል! ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ሳሩ ላይ ወጥቷል። እንግዳዬ «ጭሱ ነው?» አለኝ። እኔም አዎ አልኩ፣ ምን ልበል። ለካ አፈሩ ከመጣበቁ በፊት ምጣድ ላይ በደንብ መታመስ ነበረበት፣ ኮላውም እስኪደርቅ ሳምንት ክፍቱን መቆየት ነበረበት። ልጁ ቸኩሎ ዘግቶታል። ሦስት ወር ተኩል አስጠብቆ መጨረሻ ላይ መቸኮል ምን ይሉታል? ስደውልለት ግን በማግስቱ መጣ፣ ይህን ልመስክርለት። በጥርስ ብሩሽ አጸዳ፣ በአልኮል አበሰ፣ የሳጥኑ ጀርባ ላይ ሁለት ቀዳዳ በሳ። ሳንቲም አልጠየቀም። ሻጋታው እስካሁን አልተመለሰም።

እናንተም ብታሠሩ፣ ከሠሪው ጋር ቁጭ ብላችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ዋሉ። አፈሩን አምሶታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሰዎቹን ቀለም ሳይቀባቸው እዩአቸው፣ ከተቀቡ በኋላ «ተው ዓይኑን» ማለት ዋጋ የለውም። ቀሪውን ብር ደግሞ በምሽት አምፖል አይታችሁ አትክፈሉ፤ በቀን ብርሃን፣ በር ላይ አውጥታችሁ። እኔ በምሽት ነው የከፈልኩት።

ከአሥር ሰባት ሰጥቼው ነበር፣ አጎቴ እስኪመጣ።

አጎቴ ዓይኑ ደክሟል። ወንበር አስጠግቼለት ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ልጁም ነበረ፣ ቀዳዳ የበሳ ዕለት ነው፣ ቡና ተፈልቶ። አጎቴ ስለ ጠመንጃው አልተናገረም። ስለ ዓይኑም አልተናገረም። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን በልተው ነው የሚዋጉት?» አለ።

ልጁ ግራ ገባው። «አልገባኝም አባባ።»

«ሴቶቹ የታሉ? በሶውን ማን ተሸከመው? ውሃውን ማን አመጣው? እናቴ ዳቦ ቆሎ በስልቻ ይዛ ከኋላ ከኋላቸው ነበረች እኮ።»

እኔም አፈርኩ። ታይገሩን ተከራክሬ፣ አውሮፕላኑን ቆጥሬ፣ አርባ አንድ ሰው ውስጥ አንዲት ሴት እንደሌለች አላየሁም። እናቱ እኮ አያቴ ናት።

350 ብር ጨመርኩ። ልጁ ሁለት ሳምንት አለ፣ በአምስተኛው ሳምንት ይዟት መጣ። እንደ ሌሎቹ በቅርጽ የወጣች አይደለችም፣ ለብቻዋ በእጅ ተሠርታለች። ስልቻ አዝላለች፣ ጎንበስ ብላ ዳገቱን ትወጣለች፣ አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። ከጣውላው ላይ ካሉት ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። ወደ ገደሉ ስለዞረች የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው፤ ልጁ ዓይን የሚሥልበት ፊት አላገኘም።